«መንግሥት» የሚለው ቃልና የዴር ሡልጣን ቁልፍ

በአማርኛ «መንግሥት» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ተጭኖበታል። ግሡ «ነግሠ» ነው፤ ከዚህ ግሥ የተገኘው ስም በግእዙ የንጉሡን ንግሥናና ንጉሡ የሚገዛውን ግዛት ያመለክታል። በዛሬው አማርኛ ግን ይኸው አንድ ቃል አገሩንም፥ አገሩን ለጊዜው የሚያስተዳድሩትን ሰዎችም፥ የየወረዳውን ጽሕፈት ቤትም፥ አንዳንድ ጊዜም በር ላይ የቆመውን ፖሊስ ሳይቀር ይሸከማል። ባላገር «መንግሥት መጣ» ቢል ግብር ሰብሳቢው መጣ ማለቱ ነው። ሽማግሌ «መንግሥት ተለወጠ» ቢል የ1967ን ወይም የ1983ን ዓመተ ምሕረት ማስታወሱ ነው። ቀዳሹ ደግሞ በዚሁ ቃል መንግሥተ ሰማያትን ይጠራበታል። አንዱ ቃል ብዙ ፍች ሲኖረው ፍቹን እየለዩ ማውጣት በአንድምታ ትርጓሜ ላደገ ደቀ መዝሙር የዕለት ሥራው ነው፤ ነገር ግን ከመጽሐፉ ተነሥቶ ወደ አደባባይ ሲወጣ ይህን ልማዱን ይረሳና «መንግሥት» የተባለውን ሁሉ አንድ አድርጎ ያየዋል።

ይህ ስሕተት በሌላ ስፍራ የንግግር ጉድለት ብቻ ሊሆን ይችላል። በኢየሩሳሌም ግን የቤት ጉዳይ ነው። ለትንሣኤ የሚመጡ ምእመናን በዴር ሡልጣን ጣሪያ ላይ በተተከለው ድንኳን በዓሉን ካከበሩ በኋላ ስለ ገዳሙ መጠያየቃቸው አይቀርም። አንዱ «ይህን ስፍራ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን መልሶላቸዋል» ይላል፤ ሁለተኛው «የለም፥ መንግሥት ነገሩን ይዞት ነው እንጂ አልፈጸመላቸውም» ይላል፤ ሦስተኛው «የሚመጣው መንግሥት ወዳጅ ከሆነ ይጨርስላቸዋል» ብሎ ተስፋ ይሰጣል። ሦስቱም ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩ ይመስላቸዋል፤ ዳሩ ግን አንዱ ስለ ፖሊስ፥ ሁለተኛው ስለ ሚኒስትሮች ጉባኤ፥ ሦስተኛው ስለ ምርጫ መናገሩ ነው።

«ዓለምን ትቶ ቆብ ለደፋ ሰው የመንግሥት ትምህርት ምን ያደርግለታል?» የሚል ተቃውሞ በገዳማት ዘንድ የቆየና ክብር የሚገባው ነው። አበው ወደ በረሃ የገቡት ከነገሥታት ደጅ ለመራቅ ጭምር ነውና። ነገር ግን የዴር ሡልጣን መነኩሴ ከዓለም ቢወጣም በሩ ከዓለም አልወጣም። በሩ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ ሲወስኑ የኖሩትም ሱልጣኖች፥ የዮርዳኖስ ሚኒስትሮችና የእስራኤል ዳኞች ናቸው። ስለዚህ ይህን ትምህርት መናቅ ከትሕትና ሊቈጠር አይገባም። ደግሞም ፍትሐ ነገሥት ከ51 አንቀጾቹ መካከል 44ኛውን ለነገሥታት ነገር ሰጥቶ ሳለ፥ ያንን መጽሐፍ ያጠና ተማሪ ስለ ሥልጣን ወሰን መጠየቅን እንደ ባዕድ ነገር ሊያየው አይችልም።

በመጀመሪያ አገረ መንግሥትን ከጊዜው አስተዳደር መለየት ይገባል። የአሜሪካ አህጉር አገሮች በ1933 በሞንቴቪዴዎ ከተማ በተዋዋሉት ውል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) አንድ አገር ራሱን የቻለ አገረ መንግሥት ለመባል አራት ነገሮች እንደሚያስፈልጉት ተጽፏል፤ ይኸውም ነዋሪ ሕዝብ፥ የታወቀ ምድር፥ የሚያስተዳድር አካልና ከሌሎች አገሮች ጋር የመዋዋል ችሎታ ነው። አስተዳዳሪው ከአራቱ አንዱ ብቻ እንደ ሆነ አንባቢ ልብ ይበል። በኢትዮጵያ በ1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ በ1983 ዓ.ም. ደርግ የወለደው አስተዳደር ወደቀ፤ በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን የምድሩ ወሰን እንኳ ተለወጠ። ይህ ሁሉ ሲሆን ኢትዮጵያ ከዓለም መንግሥታት ማኅበር ወጥታ እንደ አዲስ አልገባችም፤ የተዋዋለችውም ውል ሁሉ አልተቀደደም። በኢየሩሳሌም ያለው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳምም እንዲሁ ነው። ሥራውን ያስጀመሩት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው፤ የተፈጸመው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ዙፋኑ ግን በ1967 ዓ.ም. ሲወድቅ ገዳሙ ባለቤት አልባ ሆኖ አልቀረም። ሰው ያልፋል፤ አስተዳደር ይለወጣል፤ የተመዘገበው መብት ግን በተመዘገበበት ስም ይኖራል።

ሁለተኛው ቃል ሉዓላዊነት ነው። «ልዕለ» ከሚለው ስለ ወጣ ተማሪው ትርጕሙን በቀላሉ ያገኘዋል፤ በአንድ አገር ውስጥ ከእርሱ በላይ ሌላ ይግባኝ የማይባልበት የበላይ ሥልጣን ማለት ነው። ዣን ቦዳን የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1576 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር በሰፊው አስተምሯል። ዋናው ጥያቄ ይህ ሥልጣን በማን እጅ እንዳለ ነው፤ የኢትዮጵያ ሕግጋተ መንግሥትም ለዚህ የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በንጉሠ ነገሥቱ ላይ አኖረው፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ8ኛው አንቀጽ ለብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሰጠው፤ በ11ኛው አንቀጽ ደግሞ መንግሥትንና ሃይማኖትን ለየ። ስለ ገዳም ጉዳይ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ይህን ለውጥ ሳያውቅ ቢነሣ በአያቱ ዘመን የነበረውን ደብዳቤ ለሌለ ዙፋን ይልካል።

በኢየሩሳሌም ደግሞ የሉዓላዊነቱ ነገር ራሱ ክርክር ያለበት ነው። እስራኤል ከ1967 ጀምሮ አሮጌውን ከተማ ይዛ ታስተዳድራለች፤ በ1980 ከተማይቱን በሙሉ ዋና ከተማዋ አድርጋ በሕግ ደነገገች፤ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በዚያው ዓመት በ478ኛው ውሳኔው ይህን ሕግ አልቀበልም አለ። የሕግ ሊቃውንት በተግባር መያዝንና በሕግ መያዝን የሚለዩት ስለዚህ ነው። መነኩሴው ይህን የአሕዛብ ክርክር ይፈታ ዘንድ አይጠየቅም። ቧንቧው ሲሰበር በተግባር ወደሚያስተዳድረው ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል፤ ይህን ማድረጉም ስለ ሉዓላዊነቱ ፍርድ እንደ ሰጠ አያስቈጥርበትም።

ሦስተኛው ልዩነት በኃይልና በሥልጣን መካከል ያለው ነው፤ ለዚህ ገዳሙ ራሱ ስሙን አበድሯል። የዐረብኛው «ሡልጣን» እና የግእዙ «ሥልጣን» ከአንድ ሴማዊ ሥር የወጡ ዘመዳሞች ናቸው። ማክስ ቬበር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1919 ባደረገው ንግግር አገረ መንግሥትን ሲተረጕም፥ በአንድ ምድር ላይ በኃይል የመጠቀም መብት የእኔ ብቻ ነው ብሎ ሕዝቡን ያሳመነ አካል መሆኑን ገለጠ። ኃይል ያለው ሁሉ ሥልጣን አለው ማለት አይደለም፤ ወንበዴም ኃይል አለውና። ሥልጣን የሚባለው ታዛዦቹ ይገባዋል ብለው የተቀበሉት ኃይል ነው። ቬበር ይህ መቀበል ከሦስት ምንጮች እንደሚመጣ ተናገረ፤ ከአባቶች ልማድ፥ ከአንድ ሰው ልዩ ጸጋና ከተጻፈ ሕግ። ሁለተኛውን የጠራበት «ካሪዝማ» የሚለው የጽርእ ቃል ትርጕሙ ጸጋ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ቤት የወሰደው ነው። በአንድ ገዳም ውስጥ ሦስቱም ባንድነት ይገኛሉ፤ መምህሩ በልማድ ይሾማል፥ ባሕታዊው በጸጋው ይደመጣል፥ መጋቢው በተጻፈ ሥርዓት ይጠየቃል። ከሦስቱ አንዱ ሌላውን ሲውጥ ማኅበሩ እንደሚታወክ ገዳም ያደረ ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ ወደ ቁልፉ። ኢትዮጵያውያን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በኢየሩሳሌም ቅዱሳት መካናት እንደ ኖሩ የታወቀ ነው። ዴር ሡልጣን በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ክልል በቅድስት ዕሌኒ ቤተ ጸሎት ጣሪያ ላይ ያለ ሲሆን፥ ከእርሱ ወደ ጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን አደባባይ የሚወርደው መንገድ በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል ሁለት አብያተ ጸሎት ውስጥ ያልፋል። በዚህ ስፍራ ከግብፃውያን ከቅብጦች ጋር ያለው ክርክር የቆየ ነው። በ1838 በከተማይቱ በገባው ወረርሽኝ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እንዳለቁና መጻሕፍታቸውም እንደ ተቃጠሉ በታሪክ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ የበረታው መዛግብት በሌሉበት ነው። በ1852 የኦቶማኑ ሱልጣን አብዱል መጂድ ቅዱሳት መካናት በዚያን ጊዜ በነበሩበት ይዞታ እንዲጸኑ ፊርማን አወጣ። ይህ ነባር ሥርዓት በላቲኑ ቃል «ስታቱስ ክዎ» ይባላል። በ1878 በበርሊን የተሰበሰቡት ኃያላን መንግሥታት በውላቸው 62ኛ አንቀጽ በነባሩ ሥርዓት ላይ ለውጥ እንዳይደረግ አጸኑት።

አሁን ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ፊርማኑን ያወጣው የኦቶማን አገዛዝ በ1517 የያዛትን ኢየሩሳሌምን በ1917 ለእንግሊዞች ለቀቀ፤ ኋላም አገዛዙ ራሱ ጠፋ። እንግሊዞች በ1948 ወጡ። ዮርዳኖስ ከ1948 እስከ 1967 አሮጌውን ከተማ ገዛች። ከዚያ በኋላ እስራኤል ያዘችው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የተለወጠው የሚኒስትሮች ስም ብቻ አይደለም፤ ገዢው አገር ራሱ ተለውጧል። ሆኖም የአንድ ሱልጣን ቃል እስከ ዛሬ ድረስ መቅረዝ ወዴት እንደሚሰቀል፥ ማን የትኛውን ደረጃ እንደሚጠርግ ይወስናል። አዛዡ ሞቶ ትእዛዙ የሚኖርበት ምክንያት ልማድ፥ ውልና ሕግ ተደራርበው ስለ ተሸከሙት ነው። እንግሊዞች በ1922 የተቀበሉት የአደራ አገዛዝ ውል በ14ኛው አንቀጽ የቅዱሳት መካናትን ክርክር የሚመረምር ጉባኤ እንዲቋቋም አዝዞ ነበር፤ ጉባኤው ግን ከቶ አልተሾመም። ስለዚህ በ1924 የእንግሊዝ ንጉሥ በምክር ቤቱ ባወጣው ትእዛዝ የቅዱሳት መካናት ክርክር ከመደበኛ ፍርድ ቤቶች ወጣ። በ1948 እስራኤል ስትቋቋም በምድሩ የነበረው ሕግ እስኪለወጥ ድረስ እንዲጸና ስለ ደነገገች ያ የእንግሊዝ ትእዛዝ ዛሬም በእስራኤል ዳኞች ፊት ይጠቀሳል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው በምእመናን መካከል ብዙ ጊዜ በግማሹ ብቻ የሚተረክ ነው፤ ግማሽ ታሪክ ደግሞ ለተከራካሪ ከባላጋራው ይልቅ ይጎዳዋል። በ1961 የዮርዳኖስ መንግሥት ጉዳዩን አስመርምሮ ቁልፎቹን ለኢትዮጵያውያን ሰጠ፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ በዚያው ዓመት የገዛ ውሳኔውን አግዶ ነገሩን ወደ ነበረበት መለሰ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሰጠውና የነሣው ያው አንድ አስተዳደር ነበር። በ1970 በትንሣኤ ሌሊት ግብፃውያኑ መነኮሳት በጎልጎታ ጸሎት ላይ ሳሉ የመንገዱ በሮች ቁልፍ ተለወጠ፤ ኢትዮጵያውያንም ሁለቱን አብያተ ጸሎትና መተላለፊያውን ያዙ። የእስራኤል ፖሊስ በስፍራው ነበር። ግብፃውያን ወደ እስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት አሉ።

ፍርድ ቤቱ በ1971 የሰጠውን ፍርድ በእርጋታ ያነበበ ሰው ሦስቱን የመንግሥት ክፍሎች፥ ማለት ሕግ አውጪን፥ ሕግ አስፈጻሚንና ዳኛን፥ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ በግልጥ ያይባቸዋል። ሞንቴስክዬ በ1748 እነዚህ ሦስቱ በአንድ እጅ ቢገቡ ነፃነት ይጠፋል ብሎ አስተማረ፤ በኢየሩሳሌም ጉዳይ ልዩነታቸው በአንድ በር ላይ ታየ። ዳኞቹ፥ የቁልፉ መለወጥ ይዞታን በኃይል መንጠቅ ስለ ሆነ ፖሊስ ዝም ሊል አይገባውም ነበር፤ ቁልፉም ሊመለስ ይገባል አሉ። ነገር ግን ስፍራው በእውነት የማን ነው የሚለውን ዋናውን ክርክር አልነኩም፤ የ1924ቱ ትእዛዝ ይህን ከፍርድ ቤት እጅ አውጥቶታልና። ለአስተዳደሩም በዋናው ክርክር ላይ ሥልጣኑን ይጠቀም ዘንድ በሩን ክፍት ተዉለት። የእስራኤል መንግሥት ወዲያው የሚኒስትሮች ጉባኤ ሰይሞ፥ ጉዳዩ እስኪመረመር ድረስ ነገሩ በነበረበት እንዲቆይ አዘዘ። ግብፃውያን ኋላ ደግመው ለፍርድ ቤቱ ቢያመለክቱም አስተዳደሩ የሚወስንበት ጊዜ ይገባዋል ተብሎ አልተሳካላቸውም። ዋናው ክርክር የመጨረሻ ውሳኔ ሳያገኝ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነው።

ከዚህ የሚወጣው ነገር በገዳሙ ወዳጆች ዘንድ ላይወደድ ይችላል፤ ቢሆንም መነገር አለበት። ኢትዮጵያውያን በ1970 ያገኙት ይዞታ ነው፤ ፍርድ አይደለም። ያንን ሌሊት እንደ ድል መዘመር ለመብታቸው አይጠቅምም፤ የኢትዮጵያውያን ክርክር ለረጅም ዘመን ሲጸና የኖረው ቁልፉ በ19ኛው መቶ ዘመን ያለ አግባብ ተወስዶብናል በሚል ነውና፥ በኃይል የተያዘ ስፍራ በመያዙ ብቻ መብት አይሆንም የሚለው ሕግ ዋና ደጋፊያቸው ነው። ይህን ሕግ ለራስ ሲሆን ጠርቶ ለሌላው ሲሆን መሸሽ አይቻልም። በኦሪት ዘዳግም በ17ኛው ምዕራፍ ንጉሥ በዙፋኑ ሲቀመጥ የሕጉን መጽሐፍ ገልብጦ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያነብ መታዘዙም ሕጉ ከንጉሡ ወዳጅነትም ከንጉሡ ጠላትነትም በላይ መሆኑን ለማስረዳት ነው። የሕግ የበላይነት የሚባለው ይኸው ነው፤ ለተማሪው አዲስ ነገር አይደለም።

«የወዳጅ አስተዳደር ቸርነት ይበቃል» የሚሉ አሉ። የቸርነቱ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ 1961 አሳይቷል። የሚኒስትሮች ጉባኤ የሰየመው ማቆያ ሌላ ጉባኤ ሊያነሣው የሚችል ነው፤ የምርጫ ነፋስ፥ የሁለት አገሮች ወዳጅነት፥ የካይሮና የአዲስ አበባ ነገር ሁሉ ይነካዋል። በነባሩ ሥርዓት ውስጥ ደግሞ ትንሿ ነገር ትልቅ ምስክር ትሆናለች። ጣሪያ ያደሰ ሰው የቤቱ ባለ መብት ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ በዴር ሡልጣን የሚያፈስሰውን ጣሪያና የተሰነጠቀውን ግድግዳ መጠገን እንደ ግንበኝነት ሥራ ብቻ ሊታይ አልቻለም። በ2018 ከቅዱስ ሚካኤል ቤተ ጸሎት ጣሪያ ድንጋይ ወድቆ የነበረውን የእስራኤል ባለ ሥልጣኖች ሊያስጠግኑ ሲነሡ ግብፃውያን መነኮሳት በር ላይ ቆመው ተቃወሙ፤ ፖሊስም በኃይል አነሣቸው። መነኩሴ በመነኩሴ ፊት መሬት ለመሬት ሲጎተት ማየት የትኛውንም ወገን ደስ ሊያሰኝ አይገባም። ግን ያ ሰው የቆመው ስለ ድንጋዩ እንዳልሆነ፥ ጥገናውን ማን አዘዘ በሚለው ጥያቄ ውስጥ የባለቤትነት ጥያቄ እንዳለ ስላወቀ ነው። ኢትዮጵያዊውም ደቀ መዝሙር ይህን ያህል ማወቅ ይገባዋል።

ስለዚህ በገዳሙ ትምህርት ውስጥ ፍትሐ ነገሥት በሚነበብበት ሰዓት አጠገብ አንድ ሌላ ንባብ ቢጨመር መልካም ነው። የ1852ቱ ፊርማን፥ የበርሊኑ ውል 62ኛ አንቀጽ፥ የአደራው አገዛዝ ውል 13ኛና 14ኛ አንቀጾች፥ የ1924ቱ ትእዛዝና የ1971ዱ ፍርድ በአማርኛ ተተርጕመው፥ ቃል በቃል እንደ መጻሕፍት ትርጓሜ እየተፈቱ ይሰጡ። ሁሉም ቢደመሩ ከአንድ የቅዳሴ ትርጓሜ ይልቅ ያንሳሉ። የሚጀመረው ግን ከፊርማኑ ሳይሆን ከ1971ዱ ፍርድ መሆን አለበት፤ በዚያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን የተረቱበት ክፍል በግልጥ ተጽፏልና፥ ተማሪው የባላጋራውን ክርክር በአፉ ሙሉ መናገር ከቻለ በኋላ የራሱን ይማር።